የመምህራን ማኅበሬ የድጋፍ ካርድ፦ ከአምስት ሦስት ኮከብ

ሰው ስለ ምግብ ቤት፣ ስለ ጋራዥ፣ ስለ ጸጉር ቤት አስተያየት ይጽፋል። እኔ የምጽፈው በየሁለት ዓመቱ የፖስታ ሣጥኔ ውስጥ ስለሚገባ አንድ ካርድ ነው። ከመዳፍ ትንሽ የሚበልጥ፣ ወፍራምና የሚያብለጨልጭ ወረቀት ነው። ከፊቱ «መምህራን የሚደግፏቸው ዕጩዎች» የሚል ርእስ፣ ከሥሩ የሰዎች ስም፣ ከጀርባው ደግሞ የሁለት ሳቂታ ልጆች ፎቶግራፍ አለበት። ልጆቹ የእኛ ተማሪዎች እንዳልሆኑ አውቃለሁ፤ ተማሪዎቼ በሰባተኛ ክፍል ሒሳብ ፊት እንደዚያ ሲስቁ አይቼ አላውቅም።

ካርዱን የሚያወጣው አባል የሆንኩበት የመምህራን ማኅበር ነው። ስሙን አልጠራም፤ ገና ጡረታ አልወጣሁም። ከዋሽንግተን ወጣ ብሎ ባለ አንድ የሜሪላንድ ካውንቲ ሳስተምር 14 ዓመት ሆነኝ፤ ከዚያ በፊት ደሴ ስድስት ዓመት አስተምሬአለሁ። በጎረቤት በሞንትጎመሪ ካውንቲ የመምህራኑ ማኅበር የሚያድለው የፖም ቅርጽ ያለው ካርድ ዝነኛ ነው፤ የእኛው አራት ማዕዘን ነው፣ ዝናም የለውም።

መጀመሪያ ዋጋውን ልናገር። የማኅበር መዋጮዬ በዓመት ከ800 ዶላር በላይ ነው። በዚያ ላይ ለምርጫ ፈንዱ በወር 5 ዶላር በፈቃዴ እጨምራለሁ። ሁለቱ የተለያዩ ኪሶች ናቸው፤ የአባልነት መዋጮን ለፌዴራል ዕጩ መስጠት በሕግ የተከለከለ ስለሆነ ማኅበራት ለዚህ ሥራ በፈቃድ የሚዋጣ ፈንድ ያቋቁማሉ። እ.ኤ.አ. በ2018 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ጃነስ በተባለው ክርክር ላይ ከወሰነ ወዲህ ደግሞ አባል ያልሆነን የመንግሥት ሠራተኛ ለማኅበር አንዲት ሳንቲም ክፈል ብሎ ማስገደድ አይቻልም። ስለዚህ አባልነቱም ካርዱም እንደ ማንኛውም ዕቃ ገበያ ላይ ናቸው። ካልጣመኝ እተዋቸዋለሁ፤ ከጣመኝም የጣመኝን እናገራለሁ።

ለማኅበር ባዕድ ሆኜ አላደግሁም። አባቴ ወሎ ውስጥ መምህር ነበር፤ በየካቲት 1966 ዓ.ም. መምህራን ሴክተር ሪቪው የተባለውን የትምህርት ዕቅድ ተቃውመው ሲያድሙ እሱም ጠመኔውን አስቀምጦ ወጥቷል። በእኔ ዘመን ደግሞ የመምህራን ማኅበሩን ይመሩ የነበሩት ዶክተር ታዬ ወልደሰማያት እ.ኤ.አ. ከ1996 እስከ 2002 እስር ቤት ነበሩ። እንዲህ ካለ ታሪክ ለመጣ ሰው፣ ማኅበር ሥልጣን ፈላጊውን ወንበር ላይ አስቀምጦ «እስቲ ተናገር» ሲለው ማየት ትንሽ ነገር አይደለም። አንድ ኮከብ ለዚህ ብቻ እሰጣለሁ። ቀሪዎቹን ግን በሥራ ማግኘት ነበረባቸው።

በ2022 (ከዚህ በኋላ ዓመቱም ወሩም በፈረንጅ አቆጣጠር ነው) ካርዱን እንዳለ አምኜ ተቀበልኩት። ሥራ ውዬ ደክሞኛል፣ ስሞቹን አላውቃቸውም፣ ማኅበሬ አጥንቶልኛል ብዬ በካርዱ ላይ ያሉትን አንድ በአንድ መረጥኩ። ከመካከላቸው ለካውንቲው ምክር ቤት የተወዳደረ ሰው ነበር። አሸነፈ። በሚቀጥለው ዓመት በጀት ሲወሰን፣ የትምህርት ሥርዓቱ ከጠየቀው የሚቀንሰውን በጀት ደግፎ እጁን አወጣ። ነሐሴ መጨረሻ ትምህርት ሲጀመር አራተኛ ፔሬድ ላይ የማስተምረው ክፍል ከ27 ተማሪ ወደ 33 አድጎ ጠበቀኝ። አንደኛው ልጅ ወንበር እስኪመጣለት ድረስ ሁለት ሳምንት ያህል መስኮቱ ሥር ባለው የማሞቂያ ክዳን ላይ ተቀምጦ ክፍልፋይ ተማረ። ጉልበቱ ላይ ደብተሩን ዘርግቶ ሲጽፍ እስካሁን ዓይኔ ላይ አለ።

ለማኅበሩ ደወልኩ። «መጠይቁን ሲሞላ ለትምህርት ሙሉ በጀት እታገላለሁ ብሎ ጽፎ ነበር» አሉኝ። የጻፈውን አሳዩኝ አልኩ። ለአባላት የሚሰጥ አይደለም አሉ። እዚያው ላይ ነገሩ ገባኝ፤ የፈተናው ወረቀት በማይታይበት ክፍል ውስጥ ማርክ ብቻ እየተለጠፈልን ነበር።

ብዙ ወገኖቻችን የማያውቁት አንድ ነገር አለ። በሜሪላንድ የካውንቲ የትምህርት ቦርድ ግብር የመጣል ሥልጣን የለውም። በጀት ያዘጋጃል፣ ይጠይቃል። ከካውንቲው የሚገኘውን ድርሻ የሚቆርጠው ምክር ቤቱ ነው። ምክር ቤቱ ሲቀንስ ደግሞ ከየትኛው ላይ እንደሚቀነስ ወስኖ የሚመጣው ቦርዱ ነው። ስለዚህ የምክር ቤት ዕጩ አንድ ዓይነት ጥያቄ፣ የቦርድ ዕጩ ሌላ ዓይነት ጥያቄ ሊጠየቅ ይገባዋል። የእኛ ማኅበር ሁለቱንም በአንድ መጠይቅ ይፈትናል። ይህ የሒሳብና የአማርኛ ፈተና በአንድ ወረቀት እንደ መስጠት ነው።

በ2024 ወጥ ቤቱን ራሴ ገብቼ ላየው ወሰንኩ። ለቃለ መጠይቅ ኮሚቴው ሰው ሲፈለግ ስሜን ጻፍኩ። ሰባት ነበርን። ቃለ መጠይቁ የተያዘው መጋቢት ውስጥ፣ ዐቢይ ጾም በገባበት ሳምንት ነበር፤ ለእራት የቀረበልን ደግሞ የተርኪ ሥጋ ያለበት ሳንድዊች ነው። ሦስቱንም ምሽት ከሳንድዊቹ ጎን ባለችው የድንች ጥብስ ከረጢት አሳለፍኩ። አንዲት ባልደረባዬ አዝናልኝ የእሷንም ከረጢት ገፋ ታደርግልኝ ነበር።

በዚያ ዓመት የነበረው የትምህርት ቦርድ ምርጫ ነው። ዘጠኝ ዕጩዎች ቀርበዋል። አሥራ ሁለቱ ጥያቄዎች ከሳምንት በፊት ተልከውላቸው በጽሑፍ መልሰዋል። ሃያ ዓመት ፈተና አርሜአለሁና ኩረጃ ከሩቅ ይሸተኛል። በአራቱ ወረቀቶች ላይ አንድ ዓረፍተ ነገር ቃል በቃል አንድ ዓይነት ነው። ከየት እንደመጣ ለማወቅ ብዙ አልደከምኩም፤ የራሳችን ማኅበር ድረ ገጽ ላይ የተጻፈ ዓረፍተ ነገር ነበር። የጠየቅናቸውን እኛው ነግረናቸው፣ እነሱ ደግሞ መልሰው ለእኛው ሸጡልን።

ጥፋቱ ግን የዕጩዎቹ ብቻ አልነበረም። ጥያቄዎቹን ተመልከቱ። «የመምህራንን ሙያ ያከብራሉ?» ማን አላከብርም ይላል? «ብሉፕሪንቱን ይደግፋሉ?» ብሉፕሪንት የሚሉት በ2021 የጸናውን የሜሪላንድ የትምህርት ማሻሻያ ሕግ ነው፤ ከሌሎች ነገሮች ጋር የጀማሪ መምህር ዓመታዊ ደመወዝ እስከ ሐምሌ 2026 ድረስ 60,000 ዶላር እንዲደርስ ያዝዛል። ሕግ ሆኖ የወጣን ነገር ትደግፋለህ ወይ ብሎ መጠየቅ ምን ይረባል? መጠየቅ ያለበት ገንዘቡ ከየት እንደሚመጣና ለእሱ ሲባል ምን እንደሚቀር ነው።

ሁለተኛው ምሽት ላይ ፈቃድ ጠይቄ አንድ ጥያቄ ጨመርኩ፦ «ካውንቲው ከጠየቃችሁት ላይ 20 ሚሊዮን ዶላር ቢቀንስ፣ መጀመሪያ የምትነኩት የትኛውን መስመር ነው?» አንደኛው ዕጩ «ሁሉም ነገር ቅድሚያ የሚሰጠው ነው» አለ። ሌላዋ ልጆች የነገ ተስፋ መሆናቸውን ነገረችን። ሦስተኛው ሰዓቱን አየ። አራተኛዋ ጡረታ የወጡ የትምህርት ቤት አውቶቡስ ሹፌር ነበሩ። ትንሽ ዝም ብለው ቆዩና «አላውቅም። አይቼ እነግራችኋለሁ» አሉ። ከኮሚቴው ሁለት ሰዎች ተያይተው ፈገግ ሲሉ አይቻለሁ።

በሁለተኛው ቀን በእጅ የተጻፈ አንድ ገጽ ተኩል ላኩ። አዲስ አውቶቡስ መግዛት በአንድ ዓመት ቢዘገይ ምን ያህል እንደሚተርፍ፣ የቆዩት አውቶቡሶች ጥገና ደግሞ ከዚያ ላይ ምን ያህል መልሶ እንደሚበላ፣ ዋናው ቢሮ ለአማካሪዎች ከሚከፍለው ምን ቢቀነስ ክፍል ውስጥ ማንም ሰው እንደማይጎዳ ጽፈዋል። አንዱን መደመር ስተውታል። እኔ የሒሳብ አስተማሪ ነኝ፤ መልሱ ቢሳሳትም አሠራሩን ላሳየ ተማሪ ማርክ አልነፍግም። ከዘጠኙ ዕጩዎች አሠራራቸውን ያሳዩት እኚህ ሴት ብቻ ነበሩ።

ኮሚቴው አልደገፋቸውም፤ አምስት ለሁለት ተሸነፍን። ክርክሩ ስለ ወረቀቱ አልነበረም። «ለቅስቀሳ ስንት ዶላር አላቸው? የቤት ደጃፍ ላይ የሚተከል ምልክት አሠርተዋል? ማን ያውቃቸዋል?» የሚል ነበር። ማሸነፍ የማይችል ሰው ደግፈን ስማችንን አናባክን ተባለ።

ይህን ክርክር አልንቀውም። መቶ ሰው እንኳ የማይመርጠውን ሰው መደገፍ ለማንም አይጠቅምም። ግን አሸናፊን አስቀድሞ በማሽተት የተካነ ማኅበር ካለ ያሳዩኝ። የኒው ዮርክ ከተማ መምህራን ማኅበር ገንዘብም የሰው ኃይልም ሞልቶ የተረፈው ነው። በ2001 ለከንቲባነት መጀመሪያ አለን ሄቬሲን፣ እሱ ሲወድቅ ፈርናንዶ ፌረርን፣ እሱም ሲወድቅ ማርክ ግሪንን ደገፈ፤ ማይክል ብሉምበርግ አሸነፈ። በ2013 ቢል ቶምፕሰንን ደገፈ፤ ቢል ደ ብላሲዮ አሸነፈ። በ2021 ስኮት ስትሪንገርን ደገፈ፤ ኤሪክ አዳምስ አሸነፈ። ከተሸናፊው ጋር መቆም በራሱ አያሳፍርም። የሚያሳፍረው ያሸንፋል ብለህ ብቻ ከቆምክበት ሰው ጋር ስትሸነፍ ነው፤ ያኔ ለምን ደገፍከው ስትባል የምትናገረው የለህም።

ችኮላም ሌላው በሽታ ነው። በሐምሌ 2015 የአሜሪካ መምህራን ፌዴሬሽን ሂላሪ ክሊንተንን ለፕሬዚዳንትነት ሲደግፍ፣ አይዋ በተባለው ግዛት የመጀመሪያው ድምፅ ሊሰጥ ገና ከስድስት ወር በላይ ይቀረው ነበር። ፌዴሬሽኑ የአባላቱን አስተያየት አስጠንቻለሁ ቢልም ተፎካካሪዋን በርኒ ሳንደርስን የሚደግፉ ብዙ አባላት ማን ጠየቀን ብለው ተቆጡ። ልክ ማን ነበር የሚለውን ትቼ፣ እዚህ ላይ አንድ ነገር ይታየኛል፦ አባል ሳይጠየቅ የተሰጠ ድጋፍ ካርድ ላይ ይታተማል እንጂ በር እያንኳኳ የሚዞር ሰው አያገኝም።

በሌላ በኩል፣ ትልቁ ብሔራዊ የትምህርት ማኅበር በ1857 ተቋቁሞ ለመጀመሪያ ጊዜ ፕሬዚዳንታዊ ዕጩ የደገፈው በ1976 ነው፤ ጂሚ ካርተርን። የተፈለገው ነገር ግልጽ ነበር፦ ራሱን የቻለ የፌዴራል የትምህርት ሚኒስቴር። ካርተር በ1979 ሕጉን ፈረመ። መሥሪያ ቤቱ ጠቀመ አልጠቀመም የሚለው ክርክር ይቆየን፤ ግን ማንም ሰው ቃሉ መፈጸም አለመፈጸሙን በጣቱ ማሳየት ይችል ነበር። «መምህራንን አከብራለሁ» የሚለውን ቃል በምን ትለካዋለህ?

«እንግዲያውስ ከራሳችን መካከል አንዱን እናስመርጥ» የሚሉም በኮሚቴው ውስጥ ነበሩ። ቺካጎ ያንን አድርጋለች። ብራንደን ጆንሰን መምህር የነበረ፣ ከዚያም በቺካጎ መምህራን ማኅበር ውስጥ አደራጅ ሆኖ የሠራ ሰው ነው፤ በሚያዝያ 2023 በማኅበሩ ገንዘብና ጉልበት ታግዞ የቀድሞውን የትምህርት ቤቶቹን ሥራ አስኪያጅ ፖል ቫላስን አሸንፎ ከንቲባ ሆነ። ዓመት ተመንፈቅ ሳይሞላ የበጀቱ ጠብ ከረረ፤ በጥቅምት 2024 የቦርዱ አባላት በሙሉ ለቀቁ፤ በታኅሣሥ ሥራ አስኪያጁ ተባረረ። የራስህ ሰው ጠረጴዛው ማዶ ሲቀመጥ ካዝናው አይሰፋም። እንዲያውም ወዳጅህ ስለሆነ «የለም» ሲልህ የበለጠ ያምሃል፣ «እሺ» ሲልህ ደግሞ ሌላው ነዋሪ ይጠረጥርሃል። የእኛም ቦርድ ከእኛ ጋር ውል የሚዋዋል አሠሪያችን ነው። ሁሉን እሰጣችኋለሁ ብሎ የሚመጣ አሠሪ ያስፈራኛል።

አሁን ወደ ሁለተኛው ኮከብ ልምጣ፤ በደስታ ነው የምሰጠው። የኮሚቴው ውሳኔ የሚጸናው የየትምህርት ቤቱ ተወካዮች ጉባኤ ሲያጸድቀው ነው፤ ለእያንዳንዱ ስም 60 በመቶ ድምፅ ያስፈልጋል። ጉባኤው የተካሄደው አንድ ረቡዕ ምሽት በአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት መመገቢያ አዳራሽ ውስጥ ነው። ጎልማሳ ሁሉ በስድስት ዓመት ልጅ መቀመጫ ላይ ጉልበቱን አገጩ ድረስ አጥፎ ይከራከር ነበር። ለሦስተኛው ወንበር ኮሚቴው ያቀረበው ሰው ስም ሲጠራ አንዲት የልዩ ፍላጎት መምህርት ተነሥታ «ይህ ሰው የልዩ ፍላጎት ረዳቶች ሲቀነሱ በቦርዱ ስብሰባ ላይ ነበር፤ ምን ተናገረ?» አለች። ማንም መልስ አልነበረውም። ድምፅ ተሰጠ፤ 60 አልሞላም። ኮሚቴው ቶሎ ብሎ ሌላ ስም ሊያቀርብ ሲል አዳራሹ «ባዶ ይሁን!» አለ። ካርዱ ላይ በሦስተኛው ወንበር ትይዩ «ድጋፍ አልሰጠንም» ተብሎ ታተመ። በ14 ዓመት ውስጥ ከማኅበሬ ያነበብኩት እጅግ ሐቀኛው ዓረፍተ ነገር ይህ ነው። ሁሉን ተማሪ የሚያሳልፍ መምህር የሚሰጠውን ማርክ ማን ያምነዋል? ሁለቱን ስሞች ያመንኩት ሦስተኛው ባዶ ስለነበረ ነው።

የአማርኛው ካርድ ግን ጉድ ነው። ካውንቲያችን ውስጥ የእኛ ሰው ብዙ ስለሆነ በአማርኛም ይታተማል፤ አሳባቸው መልካም ነበር። ሣጥኑን ከፍቼ ሳነብ «ለትምህርት ቤት ሰሌዳ እየሮጡ ያሉ ሰዎች» ይላል። መተርጎሚያው ኮምፒውተር ቦርድ ሲባል ጥቁር ሰሌዳ መስሎት፣ መወዳደርን ሩጫ አድርጎት ነው። በአንድ ምሽት በነጻ አስተካክልላችኋለሁ ብዬ ደወልኩ። ታትሞ አልቋል ተባልኩ። ትምህርት ቤት ውስጥ ስንት አማርኛ ተናጋሪ መምህር እያለ አንዱን ጠርቶ ማስነበብ ምን ይከብዳል? በዚህ የተነሣ ከአምስቱ አንዱን ኮከብ ነፍጌአለሁ፤ ሙሉ ኮከብ ነው፣ ይግባኝ የለውም።

ያንኑ ካርድ ይዤ ለማደል የወጣሁት ቀድሞ ድምፅ መስጠት በተጀመረበት ቀን፣ ግንቦት 2 ቀን 2024 ነው። ለእኛ ጸሎተ ሐሙስ ነበር። ሕጉ ከምርጫ ጣቢያው በር በ100 ጫማ ርቀት ውስጥ ቅስቀሳ ስለሚከለክል ከመስመሩ ወዲህ ቆምኩ። ከሰዓት በኋላ ነጠላ የለበሱ አንዲት እናት ከልጃቸው ጋር ከቤተ ክርስቲያን በቀጥታ መጡ። በየትኛውም ፓርቲ አልተመዘገቡም። በሜሪላንድ እንዲህ ያለ ሰው በቅድመ ምርጫው ድምፅ የሚሰጠው ለትምህርት ቦርድ ነው፤ የፓርቲዎቹ ዕጩዎች ወረቀቱ ላይ አይመጡለትም። ለእሳቸው እንግዲህ በእጄ ያለው ካርድ ከነሙሉ ምርጫቸው ጋር እኩል ነበር።

መነጽራቸውን አድርገው አነበቡት።

«ልጄ፣ እነዚህ ሰሌዳ ለሰሌዳ የሚሮጡት ምን ሆነው ነው?»

«ስሕተት ነው እማማ፤ ለትምህርት ቦርድ የሚወዳደሩ ለማለት ነው።»

«እሺ። ይቺ የመጀመሪያዋ ምን ሠርታ ነው የደገፋችኋት?»

ነገርኳቸው። ሰባት ዓመት የወላጆች ኮሚቴ ውስጥ እንደሠራች፣ የትምህርት ቤቱ የውኃ ቧንቧ እርሳስ እንዳለበት ተመርምሮ ውጤቱ ለወላጅ እንዲገለጽ እንዳስደረገች ነገርኳቸው። ካርዱን ገልብጠው ሁለቱን ሳቂታ ልጆች አዩ።

«ታዲያ ይህን እዚህ ላይ ለምን አልጻፋችሁትም?»

መልስ አልነበረኝም። ኪሴ ውስጥ እርማት የምሠራበት ቀይ እስክሪብቶ ነበር፤ በልጆቹ ፎቶግራፍ ጠርዝ ላይ ሁለት መስመር ጻፍኩላቸው። ከዚያ በኋላ እስኪመሽ ድረስ ለመጣው አማርኛ አንባቢ ሁሉ በእጄ እየጻፍኩ አደልኩ። ወደ 40 ካርድ ይሆናል። እሳቸው ድምፅ ሰጥተው ሲመለሱ ልጃቸው በላስቲክ ዕቃ የያዘችውን ጉልባን ከፍተው በወረቀት ፎጣ ላይ አካፈሉኝ።

ሦስተኛውን ኮከብ የሰጠሁት ከምርጫው በኋላ ስለሆነው ነገር ነው። ጉባኤው ላይ የዕጩዎቹ የጽሑፍ መልስ ለአባላት በሙሉ ይከፈት የሚል ሐሳብ አቀረብኩ። ብዙ ተከራከርን፤ ዕጩዎች ይፈራሉ ተባለ። ይፍሩ። አለፈ፤ በጠባብ ብልጫ ቢሆንም አለፈ። ነጥብ የሚሰጥበት ዝርዝርም ቃለ መጠይቁ ከመጀመሩ በፊት ይወጣል፤ የማሸነፍ ዕድል የሚለው ከመቶ 15 ብቻ እንዲይዝ ተስማምተናል። እኔ 10 ነበር ያልኩት። የምክር ቤትና የቦርድ መጠይቅም ተለያይቷል። የድሮ የበጀት ድምፆችን መርምሮ ለኮሚቴው የሚያቀርብ ሰው ግን እስካሁን አልተመደበም፤ ሁሉም ሥራ አለብኝ ይላል።

በወር 5 ዶላሬን አላነሣሁም፤ አልጨመርኩም። ለሚቀጥለው ዙር ኮሚቴ ስሜን አስመዝግቤአለሁ። ቅጹ መጨረሻ ላይ «የማይመገቡት ነገር አለ?» የሚል አዲስ ጥያቄ ጨምረዋል። «ቀኑን ንገሩኝና እመልሳለሁ» ብዬ ጻፍኩበት።